አባቴ ያላዩዋት ሴት

አባቴ ቄስ ኪዳነ ማርያም ከበቅሎ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ሲመቱ፣ እኔ መካነ ሰላም ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ዓይን አስተምር ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ወይ አጋጣሚ!» ይለኛል። ምን አጋጣሚ አለው? የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ዘመድ በወደቀ ቁጥር ስለ አንዱ የሰውነት ክፍል እያስተማርኩ መሆኔ አይቀርም።

አባቴ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ድቁናን የተማሩት ወግዲ ነው፤ ቅስና ከተቀበሉ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ከመካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው ቀበሌያችን እሁድና በበዓል ቀን ይቀድሳሉ፣ በሌላው ቀን ያርሳሉ። በዓሉ ብዙ ስለሆነ እርሻቸው ሁልጊዜ ከጎረቤት ወደ ኋላ የቀረ ነው። የሠላሳ ቤት ሰው የንስሐ አባት ናቸው። የሰሙትን ለማንም አይተነፍሱም፤ እናቴ በለጥሻቸው በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንዲት ቃል ከአፋቸው አላወጣችም፣ ሳትሞክር ቀርታ ግን አይደለም። ደግሞ ቁጡ ናቸው። ሰው ቁጣሽን ከእሳቸው ነው የወረስሽው ይለኛል። ውሸት ነው፣ ከእናቴ ነው።

የወደቁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከላላ ወረዳ ተዝካር ውለው ሲመለሱ ነው። ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዋን አዳለጣትና ወደ ኋላ ጣለቻቸው፤ ድንጋዩ ያገኛቸው ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ በግራ በኩል ነው። ጥቂት ራሳቸውን ስተው ነበር። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ በቅሎዋ ነው አሉ። ጤና ጣቢያ ወስደው ቁስሉን አሰፉላቸው፣ በሁለት ሳምንት ዳነ፣ እኛም ተመስገን ብለን ረሳነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ስሞታ ጀመሩ። «ይሄ ሰው ምን ሆኗል? ሰላምታ ነሳኝ እኮ!» ይላሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በቀኝ በኩል የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላቸው ዝም ብለው ያልፉታል፤ ሰውየው ይቀየማል፣ እሳቸውም ማንም ሰላም አላለኝም ብለው ይቀየማሉ። የግቢያችን በር መቃን ሦስት ጊዜ ቀኝ ትከሻቸውን መታቸው፤ የተቆጡት በሩን ነው። እናቴ «እንግዲህ እርጅና ነው» አለች።

የካቲት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከከተማ ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ዳዊት ይደግማሉ። እንደ ወትሮው መጽሐፉ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል፣ እጃቸው በየጊዜው ገጽ ይገልጣል። ዓይኔን ጣል ባደርግ አፋቸው መዝሙር ላይ ነው፣ የተገለጠው ግን ውዳሴ ማርያም! «አባባ፣ የት ላይ ነዎት?» አልኳቸው። ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው «እዚህ» አሉኝ። እዚያ ያለው ሌላ ነው። ዳዊትን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል፤ ስለዚህ ማንበብ እንዳቃታቸው እኛ ቀርቶ እሳቸውም በቅጡ አላስተዋሉትም ነበር። በቃሉ የማያውቅ ሰው ቢሆን ፊደሉ በጠፋበት በማግስቱ ይጮህ ነበር።

«ቀኝ ዓይኔ ትንሽ ደከም ብሏል፣ ሌላ ምንም የለኝም» አሉ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው አስሸፈንኳቸው፣ ከዚያ ጣቴን በቀኝ በኩል አወዛወዝኩ። በዚያ በደህናው ግራ ዓይናቸው አላዩትም። በግራ በኩል ሳወዛውዝ ወዲያው «ምን ታወናጭፊያለሽ?» አሉኝ። ደግሞ ግራውን አስሸፈንኩ፤ ያው ነው። የጠፋው ቀኝ ዓይን አልነበረም፣ ቀኝ ወገን ነው። ዓይን የሚልከውን የሚቀበለው የኋላ አንጎላችን ነው፤ የግራው ክፍል ከሁለቱም ዓይን የቀኙን ወገን ነው የሚያየው። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እሥለዋለሁ። አባቴ ላይ ሳየው ግን ጣቴን ደግሜ ደግሜ አወዛወዝኩ።

ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ሲቲ ስካን አዘዘ፣ ሥዕሉን አየ፣ እሳቸውንም አክብሮ አነጋገራቸው። «ዓይንዎ ጤነኛ ነው፣ የተጎዳው የሚያየው የአንጎል ክፍል ነው። ትንሽ ሊሻሻል ይችላል፤ እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም። አንገትዎን እያዞሩ ማየት ይልመዱ» አላቸው። አባቴ «እሺ ልጄ» ብለው ተነሡ። በረንዳው ላይ ስንደርስ «እንግዲህ ከመቅደስ መውጣቴ ነው» አሉ። ሥጋ ወደሙን በእጁ የሚይዝ ካህን ግማሹን ካላየ ምን ሊሆን ይችላል? እሱን እኔም አውቃለሁ።

በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ አሕመድኑር በመስታወቱ አያቸውና «አብሽሩ አባ፣ አላህ ያሽርዎ» አላቸው። «አሜን» አሉ። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ኮረኮንች መንገድ ቃል አልወጣቸውም። ዳቦ ገዝቼላቸው ነበር፣ እጃቸው ላይ እንደያዙት ቀረ። እሳቸው ዝም ሲሉ አልችልም እኔ። ሲቆጡ እችላለሁ፣ ዝም ሲሉ ግን እኔ ማውራት አለብኝ። ስለዚህ አፌ ላይ የመጣልኝን ጀመርኩ፤ የመጣልኝ ደግሞ ዓሣ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ለክረምት ትምህርት በሄድኩ ጊዜ አንድ መምህራችን ስለ ትንሽዬ ባለ መስመር ዓሣ ነግሮን ነበር። ከጣት አትረዝምም። ተመራማሪዎች በጭንቅላቷ ውስጥ የምታይበትን ክፍል ሲጎዱባት፣ ዓይኗ ደህና ሆኖ ሳለ አፍንጫዋ ሥር ያለውን ምግብ ስታ ታልፈዋለች። ሳምንታት ሲያልፉ ግን አንጎሏ አዲስ ሕዋስ ያበቅላል፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ቦታውን ይይዛል፣ ዓሣዋም ተመልሳ ምግቧን እያየች ትይዛለች። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «በስንት ጊዜ?» አሉ።

«በሳምንታት።»

«ዓሣ?»

«አዎ፣ ዓሣ።»

«አይ የእግዚአብሔር ሥራ!» አሉና ዳቦውን ቆርሰው መብላት ጀመሩ።

የቀረኝ ነገር ነበር። በሰው አንጎል እንዲህ አይሆንም፣ ተመራማሪዎቹም ዓሣዋን የሚያጠኑት በእኛ ለምን እንደማይሆን ለማወቅ ነው። አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። ግን እየበሉ ነው፣ ፊታቸው ፈክቷል፣ ለአሕመድኑር ሳይቀር «በላ አንተም ቅመስ» ይላሉ። ዝም አልኩ። ተማሪ ግማሽ መልስ ሲጽፍልኝ ግማሽ ማርክ የምሰጥ ሰው፣ ለአባቴ ግማሽ መልስ ሰጥቼ አረፍኩት።

ቤት እንደደረስን እናቴንና እኔን አስቀምጠው አስጠነቀቁን። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ። እስኪድን ድረስ ነው።» ሑዳዴን ሙሉ ቀደሱ። መቅደሱን እንደ ጓዳቸው ያውቁታል፣ ቅዳሴውን በቃላቸው ያውቁታል፣ አብረዋቸው የሚቀድሱት ካህን እንኳ አልጠረጠሩም። ቅዳሜ በሄድኩ ቁጥር «ዛሬ ብልጭ ያለልኝ መሰለኝ» ይሉኛል። ፋሲካ ደርሶ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ የራሳቸውን ሳይንስ አወጡ። «የዓሣ ጭንቅላት ምን አላት፣ ቶሎ ይሞላል። የኔ ትልቅ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል» አሉ። ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያናድደኛል።

አሁን ሰገነት የምትባለዋን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኛ ቤት ማዶ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በየበዓሉ ትቆርባለች። አባቴ የንስሐ አባቷ ናቸው። በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ሴቶቹ እንደ ልማዱ በደቡቡ በር በኩል ተሰልፈው ቆሙ። አባቴ ሥጋውን ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ እያቀበሉ መጡ፣ ዲያቆኑ ጋሹ ከኋላ ጽዋውን ይዞ ይከተላቸዋል። የመጨረሻዋ ሰገነት ነበረች። ከእሷ በፊት ለነበሩት አሮጊት አቀበሉና፣ ሰልፉ አለቀ ብለው ተመለሱ። ጋሹ ሰገነትን አያት፣ አባቴን አየ፣ ካህኑ የከለከላትን እኔ ምን ቤት ነኝ ብሎ ተከተላቸው። እሷ ነጠላዋን በእጇ እንደያዘች ሰው ሁሉ እያያት ቆማ ቀረች።

ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይወጣ ተጀመረ። የንስሐ አባቷ ናቸው፣ ቢያውቁባት ነው የከለከሏት! እሁድ ኃጢአቱ ተገኘ፣ እስከ ሐሙስ ሰውየውም ተገኘ፤ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ነው ተባለ። ምስኪኑ ሰውዬ ሰገነትን የሚያውቃት እህሏን ስታስፈጭ ብቻ ነው። የማርያም ማኅበር ጽዋ የዚያ ወር ተራው የሷ ነበር፣ እሷን ዘለው ለሌላ ሰጡ። መሬቷን ሊያርሱላት ቃል የገቡት ሦስት ጎረቤቶች ደግሞ፣ የሦስቱም በሬ በአንድ ሳምንት ታመመ።

ነገሩን ያጸናችው ግን እናቴ ናት፤ እናቴ ስለሆነች አልሸፍንላትም። «አንቱ፣ ሰገነት ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ ለምን እንደምትጠይቅ እንኳ ሳያጣሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚሉት «የንስሐ ልጄን ነገር እኔን አትጠይቂኝ!» አሏት። እሷም ማኅበር ላይ «እኔ ምን አውቄ፣ አትጠይቂኝ አሉኝ» አለች። በቃ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠራጠር?

እኔ ይህን ሁሉ አልሰማሁም፤ የፈተና ሰሞን ስለነበር ወደ ቤት አልሄድኩም። ግንቦት መጨረሻ ላይ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ከዲያቆን ጋሹ ጋር ተገናኘን። «እታለም፣ አባ ስለ ሰገነት ምን አሉሽ?» አለኝ። ምን ሰገነት አልኩት፣ ነገረኝ።

«ስትቆም በየት በኩል ነበረች?» አልኩት።

«መጨረሻ ላይ ነዋ።»

«እሱን አይደለም። በእሳቸው በቀኝ ነው በግራ?»

አሰበና «በቀኝ» አለ።

ወይኔ! ዘንቢሌን ባዶውን እንደያዝኩ መንገድ ገባሁ። የሁለት ሰዓቱን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

አባቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ቀንበር ይጠርባሉ፣ እናቴ አጠገባቸው ምስር ትለቅማለች። ሰላምታም አላስቀደምኩ። «አባባ፣ ሰገነትን ቁርባን ከልክለዋታል?» አልኩ።

«ማንን?»

«ሰገነትን፣ በዳግማ ትንሣኤ።»

«ሰገነት በዳግማ ትንሣኤ መች መጣች?» አሉ።

እናቴ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «መጥታ ነበር እኮ... አንቱ አላዩዋትም?» አለች። አባቴ መጥረቢያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «በቀኜ ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጽዋውን፣ በሬዎቹን፣ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ።

አሁኑኑ ተነሥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። «ለዓሣዋ ስንት ሳምንት ነው ያልሽኝ?» አሉ እንጂ። «እኔ እኮ እየተሻለኝ ነው። ሐምሌ ላይ ስድን ጠርቼ አቆርባታለሁ። ሰዉም ያያል፣ ወሬው በዚያው ይጠፋል።»

«አይድኑም» አልኳቸው።

እናቴ «አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«አይድኑም፣ አባባ። የምትድነው ዓሣዋ ናት። የሰው አንጎል እንደዚያ አያበቅልም። ያን ቀንም አውቅ ነበር። ዳቦውን መብላት ሲጀምሩ ጊዜ የቀረውን መንገር አቃተኝ።»

ቁጣቸውን ጠብቄ ነበር። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። «ነግረሽኝ ቢሆን ሑዳዴ ሳይገባ ከመቅደስ እወጣ ነበር» አሉ። «ይቺም ሴት አምስት ሳምንት አትታማም ነበር።» እውነታቸውን ነው። ቀንበሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴም «እኔስ? ያወራሁት እኔ!» እያለች ታለቅሳለች። አባቴ ሁለታችንንም አይተው «በሉ ይብቃችሁ። ነገ ጠዋት አባተን ጥሩልኝ» አሉ።

አያ አባተ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ማኅበሩን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፣ ሰገነትን የዘለሉትም እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠመጠሙ፣ አራታችን ወደ ማዶ ሄድን። ለአያ አባተ መንገድ ላይ ምንም አልነገሯቸውም። «እዚያ ትሰማለህ» አሏቸው ብቻ።

ሰገነት ስንመጣ አይታናለች። ግቢዋ ስንገባ በሩ ክፍት ነው፤ እሷ ግን ከቤቱ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ፣ ከአባቴ በስተቀኝ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ከስታለች። ሰላም አላለችንም። አያ አባተ «እንደምን አደርሽ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው። ምን ሊናገሩ እንደመጡ ልስማ ያለች መሰለኝ።

አባቴ ወደ ክፍቱ በር ዞረው «ሰገነት፣ ልጄ፣ ቤት ነሽ?» አሉ።

ሰገነት ከግድግዳው አልተነቃነቀችም። እኔ ልናገር ስል እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

«መውጣት ካልፈለግሽ እውነትሽን ነው። እዚሁ ቆሜ እናገራለሁ» አሉ፣ ማንም ለሌለበት ቤት። «በዳግማ ትንሣኤ ያለፍኩሽ ስላላየሁሽ ነው። ከጥር ጀምሮ ቀኜን አላይም። እድናለሁ ብዬ ደብቄ ቀደስኩ። በኃጢአትሽ አልነበረም፣ በኔ ኃጢአት ነው የታማሽው። እሁድ በሕዝቡ ፊት እናገራለሁ፣ ከዚያ በኋላ መቅደስ አልገባም። ቀድሞ ግን ላንቺ መናገር ነበረብኝ።»

ሰገነት በሩን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እንደገና በሩን አየች። ቀስ ብላ አንድ እርምጃ ቀረበችና እጇን ከፊታቸው በቀኝ በኩል አወዛወዘች። አባቴ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም፤ በሩን እያዩ ይጠብቃሉ። አያ አባተ ኮፍያቸውን አወለቁ። እሷ በኋላችን ዞራ በግራቸው በኩል መጣች።

አባቴ ደንገጥ ብለው «ውይ! ከየት መጣሽ?» አሉ።

«እዚሁ ነበርኩ፣ አባ» አለች። «እዚሁ አጠገብዎ።» እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። «አምስት ሳምንት ሙሉ ኃጢአቴን ስፈልግ ከረምኩ። ምን አድርጌ ነው? የቱን ነግሬያቸው ነው? እያልኩ። ባጣ ጊዜ አንድ ኃጢአት ፈጥሬ፣ የሚያወሩብኝንም ቢሆን አድርጌዋለሁ ብዬ፣ ልናዘዝልዎ ነበር። ብቻ ይቅር እንዲሉኝ።»

አባቴ ይህን ሲሰሙ ወደ መሬት ጎንበስ አሉ፤ ልደግፋቸው ስል እጄን አስለቀቁኝ። ጥምጥማቸው መሬት እስኪነካ ድረስ እግሯ ሥር ወደቁና «ፍቺኝ፣ ልጄ» አሉ። ሕዝቡ ለእሳቸው ይፍቱኝ ሲል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እሳቸው ለሰው እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ሰገነት መጀመሪያ ቁልቁል አየቻቸው። አምስት ሳምንት የተናደደ ሰው ቶሎ አይመልስም፣ እኔም ብሆን። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ይዛ «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አለቻቸው። እሷው አነሣቻቸው፣ እሷው በግራ እጃቸው ይዛ መርታ ወደ ቤቷ አስገባቻቸው።